ካራሜልና ለውዝ በቸኮሌት፦ ከምድጃው ሥር የተጻፈ ማስታወሻ

ሐሙስ ማታ፦ ዝግጅት

የዚህ ሳምንት መጨረሻ ሥራዬ ከረሜላ ነው። ሦስት ዓይነት እሠራለሁ። አንደኛው ለስላሳ ካራሜል (ቡናማ እስኪሆን ፈልቶ ከክሬምና ከቅቤ ጋር የበሰለ ስኳር) ከተቆላ አልሞንድ ጋር፣ በጥቁር ቸኮሌት የተነከረ። ሁለተኛው ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚል የኦቾሎኒ ከረሜላ። ሦስተኛው ከመንከሪያው የተረፈውን ቸኮሌት ከለውዝ ጋር አደባልቆ በማንኪያ ጠብ ጠብ የሚደረገው ነው። ድካሙ ያለው አንደኛው ላይ ነው። ሌሎቹ ጎን ለጎን ያልቃሉ።

ከረሜላ አስቸጋሪ የሚመስለው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ይመስለኛል። ስኳር ስናፈላ ቴርሞሜትሩ የሚነግረን ድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው። ውሃው በቀነሰ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ ይጠጥራል። ቸኮሌት ስናቀልጥ ግን የውሃ ነገር የለም። እዚያ ሙቀቱ የሚወስነው የካካዎ ቅቤው፣ ማለትም የቸኮሌቱ የራሱ ቅባት፣ ተመልሶ ሲረጋ የሚይዘውን መልክ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ከ100 ዲግሪ በላይ ነው፣ ሁለተኛው ከ50 በታች። ይህን ለይቶ ለያዘ ሰው የቀረው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ለካራሜሉ 300 ግራም ስኳር፣ 100 ግራም የግሉኮስ ሽሮፕ (ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ)፣ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 250 ሚሊ ሊትር ቅባቱ 35 በመቶ የሆነ ክሬም፣ 80 ግራም ጨው የሌለበት የገበታ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና 150 ግራም አልሞንድ መዝኛለሁ። ለመንከሪያ 500 ግራም ጥቁር ቸኮሌት አለ። ለመሸፈን ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። ነገር ግን ሳህኑ ውስጥ ጥልቀት ከሌለ ከረሜላው አይጠልቅም።

የግሉኮስ ሽሮፑን መተው የሚፈልግ ሰው አለ። አልመክርም። ስኳር ከውሃው ሲለይ ወደ ቅንጣትነቱ መመለስ ይፈልጋል። ግሉኮሱ በመሃል እየገባ እርስ በርሱ እንዳይያያዝ ይከለክለዋል። ከሌለ ማር ሊተካው ይችላል። ያኔ ግን የማሩ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል፣ ቶሎም ይጠቁራል። ጥቂት የሎሚ ጭማቂም ይረዳል፤ አሲዱ ከስኳሩ የተወሰነውን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል።

ቸኮሌቱን ስመርጥ የማየው የማሸጊያውን ጀርባ ነው። ቅባቱ የካካዎ ቅቤ ከሆነ የምፈልገው እሱ ነው። በምትኩ ሌላ የአትክልት ቅባት ከተጻፈ ሥራው በጣም ይቀላል፤ አቅልጦ መንከር ብቻ ነው። አፍ ውስጥ ግን ቶሎ አይሟሟም፣ ምላስ ላይ ሰም ሰም ይላል። ይህን ያህል ተደክሞበት የተሠራ ካራሜል እንደዚያ ባለ ነገር ሲሸፈን ያሳዝነኛል።

ከመተኛቴ በፊት ቴርሞሜትሩን ፈተሽኩት። መጀመሪያ በረዶ በሞላበት ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ 0 አሳየ፣ ደህና ነው። ቀጥሎ በሚንፈቀፈቅ ውሃ ውስጥ፤ 98 ላይ ቆመ። መሣሪያው ደህና ከሆነ ልዩነቱ የመጣው ከቦታው ከፍታ ነው ማለት ነው። ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስኳር የሟሟበት ውሃም እንደዚያው። ስለዚህ እዚህ የምጽፋቸው የፍል ስኳር ቁጥሮች በባሕር ወለል ደረጃ ያሉ ናቸው፤ እኔ ድስቱ ላይ ስሆን ከእያንዳንዳቸው 2 እቀንሳለሁ። የእናንተ ውሃ 94 ላይ ከፈላ 6 ቀንሱ። ይህን ሳያደርግ በመጽሐፍ ቁጥር ብቻ የሚሠራ ከፍታ ላይ ያለ ሰው ካራሜሉ ለምን እንደሚደርቅበት ሳይገባው ይኖራል። የቸኮሌት ቁጥሮች ግን አይነኩም። ቸኮሌት አይፈላም።

ዓርብ ማታ፦ ለውዙ

ኦቨኑ 160 ዲግሪ ላይ ነው። አልሞንዱን በመጋገሪያ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘረጋሁት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ መሃል ላይ አንዴ ማገላበጥ ነው። ሽታው ቤቱን ሲሞላ ደርሷል ማለት አይደለም። አንዱን አውጥቼ ለሁለት ሰነጠቅሁት፤ ውስጡ ገና ነጭ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰነጠቅሁ። መሃሉ ፈዛዛ ቡናማ ሆኗል፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል። ያኔ አወጣሁት። ትኩሱ ትሪ ላይ ከተተወ መብሰሉን ስለሚቀጥል ወዲያው ቀዝቃዛ ትሪ ላይ ገለበጥኩት።

ጥሬ ለውዝ ካራሜል ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ጣዕሙ ብቻ አይደለም የሚጎድለው። ጥሬው ውስጡ እርጥበት አለው፤ እርጥበቱ ቀስ እያለ ወደ ከረሜላው ይወጣና ያለሰልሰዋል፣ ለውዙ ራሱም ኩርሽምታውን ያጣል።

ግማሹን እንዳለ ተውኩት፣ ግማሹን በትልቅ ቢላ ከተፍኩት። ከዚያ በወንፊት ነፋሁት። ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ ለውጥ አለው። ዱቄቱ ካራሜሉ ውስጥ ከገባ ያደፈርሰዋል፤ ሲቆረጥ ያ የሚያምረው ጥርት ያለ ቡናማ አይታይም። ዱቄቱን በጠርሙስ አስቀመጥኩት፣ ነገ ለኦቾሎኒው ከረሜላ ላዩ ላይ ይነሰነሳል።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ካራሜሉ

ቂጡ ወፍራም የሆነ ትልቅ ድስት ይዣለሁ። ትልቅነቱ ለቅንጦት አይደለም። ክሬሙ ትኩስ ስኳር ላይ ሲፈስ በአንዴ ይገነፍላል፤ በትንሽ ድስት የሠራ ሰው ምድጃውን ሲያጥብ ይውላል። አጠገቤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። አንደኛ ካራሜሉን ለመፈተሽ፣ ሁለተኛ ለእጅ። በ170 ዲግሪ የጋለ ስኳር ቆዳ ላይ ካረፈ ይጣበቃል፣ ተጣብቆም ማቃጠሉን ይቀጥላል። ልጆች በዚህ ሰዓት ከወጥ ቤት ይውጡ።

ስኳሩ፣ ግሉኮሱና ውሃው አብረው ገቡ። እስኪሟሟ አማሰልኩ። መፍላት ሲጀምር ማማሰያውን አስቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ ማማሰል የለም፤ ድስቱን ይዞ ቀስ አድርጎ ማዟዟር ብቻ። በድስቱ ግድግዳ ላይ የተረጨ ጠብታ ደርቆ ቅንጣት ይሆናል፤ አንዲቷ ቅንጣት ተመልሳ ከገባች ሁሉንም ልታሻክር ትችላለች። በውሃ በተነከረ ብሩሽ ግድግዳውን ዙሪያውን ጠረግኩት። ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ስኳሩን ይዞት ይወርዳል።

መጀመሪያ ቴርሞሜትሩ ከ100 ትንሽ ከፍ ብሎ የቆመ ይመስላል። አልቆመም። እሳቱ በሙሉ ውሃውን በማትነን ላይ ነው ያለው። በዚህ ሰዓት እሳት መጨመር ያጓጓል። እኔ አልነካሁትም። ሥሥ ሆነው ቶሎ ቶሎ የሚፈነዱት አረፋዎች እየወፈሩ፣ እየዘገዩ መጡ። ድምፁም ተለወጠ፤ ቅድም ይንቸከቸክ የነበረው አሁን ጥፍ ጥፍ ይላል። ከ130 በኋላ ቁጥሩ ይሮጣል። ከዚህ ወዲያ ዞር ማለት የለም።

160 አካባቢ አንድ ጥግ ላይ ቢጫ ታየ። ድስቱን አዟዟርኩት፣ ቢጫው ተሰራጨ። የድስት ቂጥ ቀለምን ያታልላል፤ ጥቁር ድስት ውስጥ ያለ ካራሜል ሁልጊዜ ከእውነተኛው የጠቆረ ይመስላል። ስለዚህ ነጭ ሳህን ላይ በማንኪያ ጫፍ ጠብ አደረግሁ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ገለባ ቀለም ነበረች። ሁለተኛዋ የማር ቀለም። ሦስተኛዋ ወደ ቀይ ያደላ ጥርት ያለ ቡናማ፣ ከላይዋ በጣም ሥሥ ጭስ። በዚያች ደቂቃ እሳቱን አጠፋሁ። ቴርሞሜትሩ 171 ይላል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን የማምነው ሳህኑን ነው። ፈዛዛ ካራሜል ከጣፋጭነት በቀር ምንም የለውም። ትንሽ መረር እስኪል ድረስ የተገፋው ግን ከጥቁር ቸኮሌት ጋር እኩል ይቆማል። ጭሱ ከበዛና ሽታው አፍንጫ ከቆረጠ ደግሞ አልፏል፤ ያን ጊዜ ክሬምም ቅቤም አያድነውም፣ ክሬሙን ሳያባክኑ ስኳሩን እንደገና መጀመር ነው።

ክሬሙን ከጨው ጋር በሌላ ድስት አሙቄው ነበር። ቀዝቃዛ ክሬም ካራሜሉን በአንዴ ያደነድነዋል፣ ግንፈላውም ይብሳል። ትኩሱን ሦስት ቦታ ከፍዬ፣ በእያንዳንዱ መሃል እያማሰልኩ አፈሰስኩት። እንፋሎቱ ወደ ላይ ስለሚመታ እጄ በጎን በኩል ነው። ረገብ ሲል ቅቤው ገባ። አሁን ማማሰል ይቻላል፣ እንዲያውም ግዴታ ነው። የክሬሙ ቅባትና ፕሮቲን ቅንጣት መፍጠርን ያስቸግሩታል፤ ዋናው ስጋት የድስቱ ቂጥ መያዙ ነው።

የሙቀቱ ቁጥር ወደ 105 ወርዶ እንደገና መውጣት ጀመረ። ይህ ሁለተኛው መውጣት ነው የከረሜላውን ጥንካሬ የሚወስነው። ቀለሙና ጣዕሙ በመጀመሪያው ተወስኗል። አሁን የሚለካው ክሬሙ ይዞት የመጣው ውሃ ነው። 

113 ላይ ዳር ዳሩን ዘይት ብልጭ ማለት ጀመረ። ቅቤው ከስኳሩ እየተለየ ነው። እሳቱ ሲበረታና ውሃው በፍጥነት ሲሄድ ቅባቱን ይዞ የሚያቆየው ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ውሃ ጨመርኩና በመምቻ በኃይል መታሁት። ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ አንድ ወጥ ሆነ፣ አንጸባረቀም። ቁጥሩ ትንሽ ወረደ፤ ውሃው እስኪተን መጠበቅ ብቻ ነው።

ሆን ብዬ ለማነጻጸር ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር። 116 ሲደርስ ሁለት ማንኪያ ያህል አውጥቼ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። የቀረው እስከ 120 ቀጠለ። በሁለቱም ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብታ ጥዬ በጣት ሰበሰብኩት። በ116ቱ የተሰበሰበችው ኳስ ከውሃ ስትወጣ ጣቴ ላይ ራሷን ችላ አልቆመችም፤ ቀስ እያለች ጠፍጣፋ ሆነች። በ120ዋ ቅርጿን ይዛ ቆመች፣ ስጫናት ግን እሺ አለች። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በዚህ ብቻ ሊሠራ ይችላል። ቴርሞሜትር ያለውም ቢሆን ጣቱን ያሠልጥን እላለሁ፤ ጣት ባትሪ አያልቅበትም።

አልሞንዱ በኦቨን ውስጥ በ80 ዲግሪ ሞቆ ይጠብቅ ነበር። ቀዝቃዛ ለውዝ ከገባ ካራሜሉ ሳይደባለቅ ይይዛል። አደባልቄ በመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቅርጽ ውስጥ ገለበጥኩት። ድስቱ ላይ የቀረውን አልፋቅሁም። የተጣበቀው የበለጠ የበሰለ ነው፤ ከገባ አንድ ጥግ ላይ ጠጣር ጉብታ ይሆናል። ለብቻው በሌላ ወረቀት ላይ ጠርጌ አወጣሁት። እህቴ ገና ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው።

ጨው ላይ አንድ ነገር ልበል። አንድ የሻይ ማንኪያ ብዙ ይመስላል። አይደለም። ካራሜልን በጨው ቅቤና በተሰባበረ ለውዝ የመሥራቱ ነገር ስሙ የሚነሳው ከፈረንሳዊው ከአንሪ ለ ሩ ጋር ነው፤ በ1977 እ.ኤ.አ. በብሬታኝ ክፍለ ሀገር፣ ኪብሮን በምትባል ከተማ ነው የሠራው። ያ አካባቢ ጨው ያለበት ቅቤ የሚበላበት ነው። ጨዉ የሚያደርገው ጣፋጩን መቀነስ ብቻ አይደለም፤ የተቃጠለውን ስኳር ምሬትና የለውዙን ቅባት ጎላ አድርጎ ያወጣቸዋል። ያለ ጨው የሠራሁትን ካራሜል አሁን ብበላው ያልተጠናቀቀ ይመስለኛል።

ቅርጹ እንደተሞላ ጠረጴዛ ላይ ይደር። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ሲወጣ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ካራሜል ደግሞ እርጥበት ካገኘ ይጠጣል፣ ይጣበቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ኦቾሎኒው

ይህ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አይደለም። 200 ግራም ስኳር፣ 100 ግራም የግሉኮስ ሽሮፕና 60 ሚሊ ሊትር ውሃ እስከ 150 ዲግሪ ፈሉ። 200 ግራም የተቆላ ኦቾሎኒ፣ 30 ግራም ቅቤ፣ ጨው ገቡ። እሳቱ ጠፍቶ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ገባና በፍጥነት ተማሰለ። ሶዳው ጋዝ ይፈጥራል፤ ፈሳሹ ወዲያው ይነፋል፣ ቀለሙም ይደምቃል። እነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው ከረሜላው ሲነከስ ጥርስ እንዳይሰብር የሚያደርጉት። ቅቤ በተቀባ ወረቀት ላይ አፍስሼ በሁለት ሹካ ጎትቼ አሳሳሁት፣ የትናንቱን የአልሞንድ ዱቄት ነሰነስኩበት።

ሲቀዘቅዝ ሰባብሬ ወዲያው ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ከተትኩት። በ150 ዲግሪ የቀረው ውሃ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከአየር ላይ እርጥበት ለመውሰድ ይቸኩላል። ክፍት ከተተወ ኩርሽም ማለቱ ቀርቶ መጣበቅ ይጀምራል።

ስኳር የያዘውን ድስት አትፋቁ። ውሃ ሞልታችሁ አፍሉት፤ ራሱ ይለቃል።

እሑድ ጠዋት፦ መቁረጥ

ሁለቱን ናሙናዎች ቀመስኩ። የ116ቱ በጣም የሚጥም ነው፣ አፍ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ተንጣሎ አድሯል፣ ሹካ ላይ አይቆምም። በቸኮሌት ቅርፊት ውስጥ ለሚፈስ ሙሌት ይሆናል። የ120ው ጥርስን ይቋቋማል፣ ከዚያ ይለቃል፤ ቅርጹን ይዟል። ለመንከር የሚሆነው ይህ ነው። በመሃላቸው 118 ላይ ይበልጥ የምወደው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ለሚቀጥለው ዙር ይዤዋለሁ።

ከመቁረጤ በፊት ጥቂት ቸኮሌት አቅልጬ የካራሜሉን ጀርባ በሥሡ ቀባሁት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ሳይቀባ የተነከረ ካራሜል ሹካው ላይ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅም ሥሩ ይከፈታል። በተከፈተው በኩል እርጥበት ይገባል፣ ካራሜሉም ይወጣል። የተቀባው ሲረጋ ገለበጥኩት፣ ረጅም ቢላ በዘይት በሥሡ አብሼ ወደ ታች ብቻ ተጭኜ ቆረጥኩ። እንደ መጋዝ መሳብ አያስፈልግም፤ ከተሳበ ለውዙ ከቦታው ይነቀላል። 8 በ8 ቢቆረጥ ጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ 64 ቁራጭ ይወጣል። ጠርዙ ላይ ያሉት አያምሩም፤ ጣዕማቸው ግን ያው ነው።

እሑድ ከሰዓት፦ ቸኮሌቱ

አሁን ሌላ ሥራ ነው። ምድጃው ጠፍቷል፣ ወጥ ቤቱ ቀዝቅዟል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ጠረጴዛው፣ ሳህኑ፣ ማማሰያው፣ ሁሉም ደረቅ ነው። አንዲት የውሃ ጠብታ ከገባች በቸኮሌቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ስኳር እርጥበቱን ይዞ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ የሚፈሰው ቸኮሌት በአንዴ ጥቅጥቅ ያለ ሊጥ ይሆናል። እንዲህ የሆነው ለመንከሪያ አይመለስም። ትኩስ ክሬም ተጨምሮበት ሶስ ማድረግ ግን ይቻላል።

የካካዎ ቅቤ በስድስት ዓይነት የክሪስታል (የረጋ ቅንጣት) መልክ ሊረጋ ይችላል። የምንፈልገው አምስተኛውን ነው። እሱ ነው የሚያንጸባርቀው፣ ሲሰበር ቀጭ የሚለው፣ የሚቀልጠውም ወደ 34 ዲግሪ ስለሆነ ጣት ላይ ቆይቶ አፍ ውስጥ የሚሟሟው። ዝም ብሎ የቀለጠና ዝም ብሎ የቀዘቀዘ ቸኮሌት ደካሞቹን መልኮች አደባልቆ ይይዛል፤ ደብዛዛ ይሆናል፣ ከቀናት በኋላም ግራጫ ነገር ያወጣል። ቴምፐሪንግ የሚባለው ሥራ አምስተኛውን ብቻ የማስቀረት ሥራ ነው።

350 ግራሙን ከተፍኩና ሳህኑን ከፈላ በኋላ እሳቱ በጠፋ ውሃ ላይ አስቀመጥኩ። የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይነካም። 47 ሲደርስ አነሳሁት፣ የሳህኑን ሥር በፎጣ አደረቅሁ። የቀረውን 150 ግራም፣ ሳይቀልጥ በደቃቁ የተከተፈውን፣ እየጨመርኩ አማሰልኩ። ይህ ገና ከፋብሪካው በትክክለኛው መልክ የረጋ ስለሆነ ለቀለጠው ዘር ይሆነዋል። ማማሰሉ ዋናው ነገር ነው፤ ክሪስታሉ በየቦታው እንዲሰራጭ ያደርጋል። ቁጥሩ 40፣ 35፣ 30 እያለ ወረደ። 28 ላይ ቸኮሌቱ ወፈረ፣ ማማሰያው የሄደበት መስመር ሳይጠፋ ይቆይ ጀመር። እዚህ ደካሞቹም አብረው አሉ። ሳህኑን ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ለብ ባለው ውሃ ላይ እየመለስኩ ወደ 31 አመጣሁት። በዚህ ሙቀት ደካሞቹ ይቀልጣሉ፣ ጠንካራው ይቀራል። ለጥቁር ቸኮሌት ከ32 ማለፍ የለበትም፤ 34ን ካለፈ ዘሩም አብሮ ስለሚቀልጥ ሥራው ከመጀመሪያ ነው።

መፈተኛው የቢላ ጫፍ ነው። ነከርኩና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጥሩ ከሆነ አምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይረጋል። መጀመሪያ ዳሩ ደረቀ፣ ከዚያ ብርሃኑ ከእርጥብ ወደ ደረቅ ብርሃን ተለወጠ። በጣት ነካሁት፣ አሻራ አልያዘም፣ መስመርም የለውም። በቃ፣ መንከር ይቻላል።

ቁራጮቹ የክፍሉ ሙቀት ላይ መሆን አለባቸው። ቀዝቃዛ ካራሜል ሲነከር ቸኮሌቱ ከላዩ ይረጋል፣ ቆይቶ ውስጡ ሲሞቅና ሲሰፋ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። አንዱን በሹካ ጣልኩት፣ በሹካው ጀርባ ገለበጥኩት፣ ከሥሩ አነሳሁት። ሹካውን ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ጥቂት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ትርፉን ያወርደዋል። ከዚያ የሹካውን ሥር በጠርዙ ላይ ጠርጎ ወረቀቱ ላይ ማንሸራተት ነው። መታ መታው ከተዘለለ ከሥሩ የቸኮሌት ኩሬ ይሠራል። እህቴ ከኋላዬ እየተከተለች ሳይረጋ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት ቅንጣት ጨው ትጥላለች። «ይሄኛው ደርቋል፣ ጨው አይዝም፤ ትንሽ ፍጠኚ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ በሚገባ የተዘጋጀ ቸኮሌት አይጠብቅም።

መሃል ላይ ሳህኑ ውስጥ ያለው ወፈረ። ቀዝቅዞ ብቻ አይደለም፤ ክሪስታሉ ራሱ እየበዛ ነው። የፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ሴኮንድ ከላዩ አሳልፌ ወደ 31 መለስኩትና ቀጠልኩ። የቀረው ውስጥ አልሞንዱንና ጥቂት የተሰባበረ የኦቾሎኒ ከረሜላ ጨምሬ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረግሁት። ሦስተኛው ዓይነት በዚሁ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የምመክረው ይህን ነው። የሚያስፈልገው ለውዝ መቁላትና ቴምፐሪንግ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በደንብ ያስተምራል።

ረቡዕ፦ ውጤቱ

ቅርፊቱ እንዳንጸባረቀ ነው። ሲነከስ ቀጭ ይላል፣ ካራሜሉ ይሳባል፣ አልሞንዱ አሁንም ኩርሽም ይላል። ከታች የፈሰሰ የለም። ጀርባውን መቀባቱ ሥራውን ሠርቷል።

ለሙከራ ሁለት ቁራጭ ሳይሸፈኑ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ላያቸው ላይ ሻካራ ነጭ ነገር ወጥቷል። ጤዛው የቸኮሌቱን ስኳር አሟሟው፣ ውሃው ሲደርቅ ስኳሩ ላዩ ላይ ቀረ። ሌላም ዓይነት ነጭ አለ፤ ቸኮሌቱ ሞቆ ተመልሶ ሲረጋ ወይም የለውዙ ዘይት ወደ ቅርፊቱ ሲያልፍ የሚወጣው፣ ቅባት ነው። መለያው ቀላል ነው። በጣት ሲታሽ የሚጠፋው ቅባቱ ነው፣ እንደ አሸዋ የሚሻክረው ስኳሩ ነው። ሁለቱም አይጎዱም፣ ይበላሉ፤ መልካቸው ነው የተበላሸው።

ቀሪውን አንድ በአንድ ጠቅልዬ ግጥም በሚል ቆርቆሮ፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በሆነ ደረቅ ጨለማ ቦታ አኑሬያለሁ። ሽንኩርትና ቅመም አጠገብ አይሁን፣ ቸኮሌት ሽታ ይስባል። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ መበላት አለበት፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚደክመው ለውዙ ነው፣ ዘይቱ ይሻግታል። ለሰው የምሰጠው ላይ በውስጡ ያሉትን የለውዝ ዓይነቶችና ወተት መኖሩን በወረቀት ጽፌያለሁ። አለርጂ ያለበት ሰው ከረሜላ ውስጥ ያለውን በዓይኑ ሊያይ አይችልም።

ለሚቀጥለው ዙር የያዝኩት፦ ካራሜሉ 118 ላይ ይቆማል። በአልሞንዱ ፈንታ ሃዘልነት ይገባል፤ ተቆልቶ በፎጣ ታሽቶ ልጣጩ ይነሳል። ቸኮሌቱ ደግሞ የወተት ይሆናል። የወተት ስብ የካካዎ ቅቤውን ስለሚያለሰልሰው ቁጥሮቹ ዝቅ ይላሉ፤ እስከ 45 ማቅለጥ፣ ወደ 27 ማውረድ፣ በ30 መሥራት። ክሬሙና ቅቤው ፍሪጅ ውስጥ አሉ፤ የቀረኝ ሃዘልነቱን መግዛት ነው።